ጳጉሜን የማያውቀው ማሽን

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ዮፍታሄ፤

እንዴት ነህ? እንዴት ከርመሃል? የሜልቦርን ክረምት እንዴት ይዞሃል፣ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሠርክስ ደህና ናት? ልጆቹስ? እማዬ ከእናንተ ጋር ከሆነች ወዲህ እንቅልፏ እንዴት ነው፣ ብርዱንስ ለመደችው? ከዚህ ሆኜ አንድ በአንድ እየጠራኋችሁ ጤናችሁን ከመለመን በቀር ምን አቅም አለኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልህ ግን ከሐሙስ ወዲህ ነው፤ ረቡዕ ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እንደምልህ እንጃ።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ጮክ ብለህ እንደምታነብላት አውቃለሁ። አንተን የምቆጣበት ቦታ ላይ ስትደርስ መዝለል አይፈቀድም። ሁሉንም አንብብላት።

እዚህ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሠፈር ሳለህ የሠራኸው የስደተኞች መዝገብ ፕሮግራም እስካሁን ይሠራል ብልህ ታምነኛለህ? ቢሮው ወደ ፓርክላንድስ ከተዛወረ አራት ዓመቱ ነው፤ አሁን ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። አለቃዋ ተቀይራለች፣ ጠረጴዛው ተቀይሯል፣ እኔም የአንተን ወንበር ወርሻለሁ። ያልተቀየሩት ያ ቢጫ የሆነው ኮምፒውተርህና መዝገብ ጠባቂያችን ጋሽ ጓንጉል ብቻ ናቸው። በዝውውሩ ጊዜ የወረቀቱን መዝገብ «ኮምፒውተር ውስጥ አለ አይደል» ብለው ጠራርገው ጥለውታል። ስለዚህ ከ1985 ጀምሮ በዚህ ከተማ ያለፈ የአገራችን ሰው ሁሉ ስሙ ያለው እዚያ አሮጌ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ስቲማ ጠፋ፣ መብራት ማለቴ ነው እማዬ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰ፣ ሲመለስ ግን እንዲህ በዋዛ አልነበረም፤ ከማሽንህ ጀርባ ጭስ ወጣ። ጋሽ ጓንጉል በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ ሳጥኑን ፈታሁት፣ ውስጡ ሁሉ ተቃጥሏል። መዝገቡ ያለበት ሀርድ ዲስክ ብቻ ተርፏል፣ እሱም ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ያ ድምፅ ሊሞት ነው ማለት እንደሆነ ታውቀዋለህ።

በዚያው ሰዓት እትዬ ምርቃት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ታስታውሳታለህ? ሁርሊንግሃም የሐበሻ ምግብ ቤት የምትሠራው፣ አራስ ልጅ ታቅፋ የመጣችው። ልጅቷ ገና ክርስትና አልተነሳችም ነበርና ስም የላትም ስትልህ አንተ «ሚጣ» ብለህ መዘገብካት፤ ይኸው እስከ ዛሬ በወረቀት ሁሉ ላይ ሚጣ ናት። አሁን አሥራ አምስተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው፣ ከእናቷ በራስ ትበልጣለች። ሁለቱም ሌላ አገር እንዲሰፍሩ ተፈቅዶላቸው ነበር፣ ኤምባሲው ግን በመጨረሻው ሰዓት «ልጅቷ የአንቺ ለመሆኗ ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አላት። አንተ የሰጠሃትን የመጀመሪያውን ወረቀት ሳውዝ ሲ ሠፈር ያለው ቤቷ ጎርፍ የገባ ጊዜ ውሃ በልቶባታል። የመጀመሪያ ቀን ምዝገባዋን በማኅተም ይዛ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ካልቀረበች እናት ብቻዋን ትሄዳለች፣ ልጅ ትቀራለች። «ብቻዬንስ አልሄድም» አለችኝ እትዬ ምርቃት፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። ባትሄድ ደግሞ ሁለቱም እዚህ ቀሩ ማለት ነው። ሁለት ቀን ተኩል ነበረን።

ዲስኩን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ብሰካውም ፕሮግራምህ አዲሱን ዊንዶውስ አላውቅህም አለ። የሚያውቀው ያንኑ የድሮውን ዘጠና ስምንትን ብቻ ነው። እሱን የሚሸከም አሮጌ ማሽን ደግሞ በሁለት ቀን ከየት ይመጣል? አንተ ኮምፒውተር ትተህ ትራም መንዳት ከጀመርክ ወዲህ የመጣ ዘዴ አለ፣ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። በአንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ በፕሮግራም ብቻ የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ታቆማለህ። የሚነካ ነገር የለውም፣ ሳጥን የለውም፣ ግን ራሱን እንደ ሙሉ ኮምፒውተር ይቆጥራል፤ የፈለግከውን ያህል አሮጌ ዊንዶውስ ብትጭንበት አይቃወምህም። እኔም ኮሪደሩ ጥግ ባለችው ሰርቨራችን ውስጥ አንድ ላቆም ተነሳሁ።

ማክሰኞ ሙሉውን ቀን በዚህ አለቀ። የመጫኛውን ሲዲ ከተማ መሃል ካለ አንድ ፉንዲ፣ ከኮምፒውተር ጠጋኝ፣ አገኘሁ፣ ጀርባው በሙሉ ተጭሯል። ሁለት ጊዜ መሃል ላይ ደርቆ ቀረ። በሦስተኛው አለፈና ቁልፉን ጠየቀኝ፣ ያንን ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር። ቁልፉ የተለጠፈው የተቃጠለው ሳጥን ጎን ላይ ነው፣ ግማሹ ተፍቆ ጠፍቷል። አለቃዬ ኩለሱም መነጽሯን አውጥታ፣ ጋሽ ጓንጉል ባትሪ አብርተው፣ እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ስምንት ይሁን ቢ እየተከራከርን አነበብነው። አራት ጊዜ አይሆንም አለ። በአምስተኛው ተቀበለ። ከዚያ ያ ሰማያዊ ሰማይና ደመና ሲመጣ፣ ወንድም ጋሼ፣ አንተ ፊደል መተየብ ያስተማርከኝ ክረምት ትዝ አለኝና አለቀስኩ።

ይህን ሁሉ ስሠራ ጋሽ ጓንጉል አጠገቤ ቆመው በደብተራቸው ይጽፋሉ። ምን እንዳደረግሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉንም። ደብተሩ ያናድደኝ ነበር። «ጋሽዬ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግባል እኮ» አልኳቸው። መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ረቡዕ የፍልሰታ ፍቺ ነበር። ጋሽ ጓንጉል ከቅዳሴ በቀጥታ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ያንን የታመመ ዲስክ ሰክቼ መዝገቡን ወደ አዲሱ ማሽን ገለበጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ዲስኩ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልዞረም። አሁን በዓለም ላይ ያለው አንድ ቅጂ እኔ የያዝኩት ብቻ ሆነ። እትዬ ምርቃትና ሚጣ አግዳሚው ላይ ናቸው። ፕሮግራምህን ከፈትኩት።

እዚህ ጋ ነው የምቆጣህ፣ እማዬም ትስማ። ፕሮግራሙ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ስክሪኑ ላይ አንድ ሣጥን አወጣ፤ «ሰባት ዓመት ያልተነኩ ፋይሎች በመወገድ ላይ» ይላል። ከሥሩ ቁጥር አለ፣ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ቁጥሩ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ሳይጠይቅ! ከድሮው ጀምሮ እየሰረዘ! ማውሱን ይዤ ልዘጋው ብል አልዘጋ አለኝ። ጋሽ ጓንጉል የሰርቨሩን ገመድ ሊነቅሉ ዘለሉ፣ እሱን ቢነቅሉት የቢሮው ሥራ በሙሉ አብሮ ይሄድ ነበር፣ በክርኔ ገፋኋቸው፣ ይቅር ይበሉኝ። የውስጡን ማሽን ብቻ አጠፋሁት። ሲጠፋ ቁጥሩ ሦስት ሺህ ላይ ነበር። የ1985ቱ በሙሉ ሄዷል፤ ምርቃት፣ ሚጣ፣ ሁሉም።

እትዬ ምርቃት ከፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ፤ የልጅቷን እጅ ያዘች። ያኔ ጋሽ ጓንጉል ጎንበስ ብለው የእኔን ማስታወሻ አዩት፣ ማሽኑ ሲጫን ያሳየውን ቀን የጻፍኩበትን።

«2007? የእኛ ማሽን እኮ 1999 ላይ ነው» አሉ።

ጉድ በል። አንተ ነህ አሉኝ ያስተማርካቸው። ስደተኛው የልደቱንና የመጣበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ስለሚናገር፣ ወደ ፈረንጁ ስትመልሱት ስህተት በዛባችሁና አንተ ሆዬ የማሽኑን ሰዓት ራሱን የኢትዮጵያ አደረግከው። በየወሩ መባቻ ጋሽ ጓንጉል በእጃቸው ያስተካክላሉ። ጳጉሜ ስትመጣ ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ አጥፍተውት መስከረምን ይጠብቃሉ። ኩለሱም እስከ ረቡዕ ድረስ ጳጉሜ ለእኛ ኮምፒውተር የማይነካበት የሃይማኖት በዓል ይመስላት ነበር! አዲሱ ማሽን ግን ቀኑን የወሰደው ከሰርቨሩ ነው፣ ከፈረንጁ አቆጣጠር። ስለዚህ ፕሮግራምህ ሲነቃ በአንድ ሌሊት ስምንት ዓመት ያለፈ መሰለው፣ ትናንት የተነካውም ሳይቀር ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ ሆነበት። ለምን ሳይጠይቅ ይሰርዛል ብዬ ስጮህ ደግሞ ጋሽ ጓንጉል አንገታቸውን ደፉ። መጀመሪያማ ይጠይቅ ነበር፣ በየጠዋቱ ሲጠይቃቸው ሰልችቷቸው አንተን ለምነው አስወጡት። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳይሰረዝ የድሮውን ፋይል ሁሉ በየጊዜው ተራ በተራ እየከፈቱ ይዘጉ ነበር። ሁለታችሁንም አንድ ላይ አስቀምጬ ብቆጣችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ተስፋ ቀርቶ ነበር። ቨርቹዋል ማሽንን ባለበት ሁኔታ ፎቶ እንደማንሳት አድርገህ ታስቀምጠዋለህ፣ ቢበላሽ ወደዚያ ትመልሰዋለህ። ረቡዕ ጠዋት አንድ አስቀምጫለሁ። ግን መዝገቡን ከመገልበጤ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ የምመልሰው ባዶ ማሽን ነው፣ ያቺ የተረፈችው ሦስት ሺህም አብራ ትጠፋለች። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ጭንቅላቴ ነጭ ወረቀት ሆነ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ሰዓት 9:40 ይላል። ግልበጣው በስንት ሰዓት እንዳለቀ ግን እኔ የጻፍኩት ነገር የለም።

ጋሽ ጓንጉል ደብተሩን ገልጠው ፊቴ አስቀመጡት። «ግልበጣ አለቀ፣ 3:30» ይላል፣ በዚያ በሚያምር የድሮ ጽሕፈታቸው። አማርኛ የማታነበው ኩለሱም ቁጥሩን አይታ ቀድማኝ «ሳ ታቱ ና ኑሱ!» አለች፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ማለቷ ነው፤ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው እኮ። 9:40 በእኛ ሦስት ሰዓት ከአርባ ነው። ፎቶው ከግልበጣው አሥር ደቂቃ በኋላ ነው የተነሳው። የጋሽ ጓንጉልን እጅ ሳምኩ፣ በደብተራቸው ስላሾፍኩ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

እንዲያም ሆኖ ማሽኑ እስኪመለስ ድረስ ማንም ቁጭ አላለም። ሲመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ከሰርቨሩ ሰዓት እንዳይወስድ መከልከል ነው። ዓመቱን 1999፣ ወሩን 12፣ ቀኑን 16 ብዬ ሞላሁ። ጋሽ ጓንጉል ሦስት ጊዜ አረጋገጡ። ከዚያ ፕሮግራምህን ከፈትኩ። ምንም ሣጥን አልወጣም። የስም ቦታዋ ብቻ ብልጭ ድርግም እያለች ጠበቀችኝ። ምርቃት ብዬ ጻፍኩ።

ወጣ። ስሟ፣ የመጣችበት ቀን፣ ከሥሯ ሚጣ፣ ሴት፣ የሃያ ዘጠኝ ቀን አራስ። አትሜ ለኩለሱም ሰጠኋት፣ ማኅተም አሳረፈችበት። ከታች ያለውን የማስታወሻ መስመር እኔ በጥድፊያ አላነበብኩትም።

ሐሙስ አብሬያቸው ሄድኩ። ውጭ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ፣ እግሬ በብርድ ደነዘዘ። ሲወጡ ሚጣ ትስቃለች፣ እናቷ ታለቅሳለች፣ የትኛው እውነት እንደሆነ አላወቅሁም። በአንድ ፋይል አብረው ሊሄዱ ነው። አስተርጓሚው ለጠያቂዋ ሴትዮ የማስታወሻውን መስመር ሲያነብላት ደግመህ አንብብልኝ አለችው አሉ። እኔም እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ከእትዬ ምርቃት እጅ ወስጄ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፤ «እናቲቱ ልጇን ለአፍታ ከእቅፏ አላወረደችም። ይህን ፋይል ወደፊት የሚያይ ሁሉ፣ እባክዎ እናትና ልጅን እንዳይለያዩ። ዮፍታሄ።»

ወንድም ጋሼ፣ ለፋሲካ ስንደዋወል ናይሮቢ ያለፈውን ጊዜህን «ስም ስለቅም ያባከንኩት ዕድሜ» አልከኝ። ያን ቀን ወሬ ቀየርኩብህ። ይኸው መልሱ። እትዬ ምርቃት ላንተ የላከችው መልእክት አንዲት ቃል ናት፣ «ሰምተውታል በይው» ብላኛለች።

ፕሮግራሙን እንዲጠይቅ አድርጌ አስተካክየዋለሁ፣ ጋሽ ጓንጉል ቢሰለቹም ባይሰለቹም። ቅጂውም አሁን ሦስት ቦታ አለ። ቀኑን ግን አልነካሁትም፣ ያንተው ነው። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናትና ስድስቱንም ቀን እናጠፋዋለን፤ ኩለሱም ራሷ በር ላይ ማስታወቂያ ልትለጥፍ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ አልቅሳ ከሆነ ውሃ ስጣት። ሠርክን በጣም እንደናፈቅኋት ንገራት፣ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። ሔኖክ ጺም አወጣ አሉ፣ አክስትህ ሳታይ መላጨት የለም በለው። ፍራኦልን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፣ አማርኛዋን እንዳትረሳ ይህን ደብዳቤ እሷ ደግማ ታንብብላችሁ። ጋሽ ጓንጉል እጅ ነስተዋል፤ ይቅር በለኝ ብለውሃል፣ አንተም ይቅር በሉኝ በላቸው። እግዜር በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሐሊና

ፓርክላንድስ፣ ናይሮቢ
ነሐሴ 20 ቀን 1999 ዓ.ም. (ቀኑን የገለበጥኩት ከማሽንህ ላይ ነው)