ለኮሎኔሉ የሸጥኩለት ስሊፒንግ ባግ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እግርህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው አሁንም ይጠዘጥዝሃል? በተቆረጡት ሁለት ጣቶችህ ቦታ ጫማህ ውስጥ ጥጥ መወተፉን ተውከው ወይስ እንደ ድሮው ነህ? የእማዬ ጉልበትስ? የአባዬ ሳልስ ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከቂሜ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ቂሜን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ያ የተራራ መሪያችሁ፣ አንተ «ኮሎኔሉ» የምትለው ሰውዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት እግሩ መርቶት የምሠራበት ሱቅ መጣልህ። የላክልኝን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳፈጠጥኩበት አታውቅም፤ ገና በሩ ላይ ለየሁት። ፎቶው ላይ ያለችው ፊሽካም ከአንገቱ አልወረደችም። እኔን ግን ከየት ያውቀኛል? «እቱ፣ ስሊፒንግ ባግ ፈልጌ ነበር» አለኝ። ለማን እንደሆነ ጠየቅኩት። የድሮው ተቀዶበት፣ ሐሙስ ሰዎች ይዞ በረዶው ጫፍ ላይ ሊያድር ነው። ሰዎቹ የየራሳቸው ስላላቸው ለራሱ ብቻ ነው የሚገዛው። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ እማዬ ትሙት፣ ይህን አላደርግም ነበር።

ሥራዬን መቼም ታውቀዋለህ። እያንዳንዱ የመኝታ ከረጢት ላይ ሁለት ቁጥር አለ። በትልቁ የተጻፈው ሰው እንደምንም ሳይሞት የሚያነጋበት ብርድ ነው፤ ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈው ደግሞ ተመችቶት የሚተኛበት። ደንበኛ ትልቁን አይቶ ሲቸኩል ደቃቁን በጣቴ አሳየዋለሁ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ አስተኝቼ፣ ዚፑን እስከ አገጩ ዘግቼ፣ በሱቁ ሙቀት እንዳይሸወድ እነግረዋለሁ። በእኛ ማሞቂያ ውስጥ አንሶላም ያልባል።

ለእሱም መጀመሪያ ያወጣሁለት ወፍራሙን የላባ ነበር፤ እጄ የለመደው እሱን ነው። እያገላበጠ ሳለ ወሬ ጀመረ። ባለፈው ዓመት አንድ ሞልቃቃ፣ እሱ ዜሮ ዲግሪ የሚል ከረጢት ሰጥቶት ሳለ፣ ካልሲውን አውልቆ ተኝቶ ጣቶቹን እንዳጣ ነገረኝና ሳቀ። ካልሲህን! ሁለት ካልሲ ደርበህ በርዶኛል ስትለው «ዜሮ ይላል እኮ፣ አትሞላቀቅ» ብሎህ ድንኳኑ የገባው እሱ! ዓይኑን በጨው ታጥቦ! ደሜ ፈላ። ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩና ወፍራሙን ወደ መደርደሪያው መለስኩት።

ከዚያ የአንተን ዓይነት፣ ያቺን ስስ ሰማያዊ አወረድኩለት። ትልቁን ቁጥር ሲያይ «ዜሮ! ደግሞ ቀላል ናት» ብሎ ደስ አለው። ምንጣፉ ላይ ተጋደመ፣ ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋሁለት። ፊቱ ወዝቶ «ይቺማ ታቃጥላለች» ሲለኝ፣ ምርጫው የእርስዎ ነው ከማለት በቀር ቃል አልተነፈስኩም። አልዋሸሁም። ጣቴን ኪሴ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ በቃ። ጠቅልዬ ሰጠሁት፣ መርቆኝ ሄደ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ይሞታል ብዬ አይደለም፤ እስኪነጋ ግን የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ይቁጠራቸው። አንተን አውቅሃለሁ፣ ሆደ ቡቡ ነህ፤ ይህን ስታነብ «ኧረ ደውይለት» እንደምትል አይጠፋኝም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ይህን ግን እንዳታነብላት። አባዬ ሹራቡን ሳይደርብ ደጅ እንዳይወጣ። ትንሿን እህታችንን ጉንጯን ቆንጥጥልኝ፣ አክስቴንም ናፍቃኛለች በልልኝ።

የሰውዬው ስልክ ቁጥር ደረሰኙ ላይ አለ። የአንተም በቃሌ ነው። ስልክ እያለልኝ በፖስታ የጻፍኩልህ፣ ደብዳቤ እናንተ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅበት ነው።

እህትህ
ከሱቁ ጀርባ፣ ከዕቃ ክፍሉ
ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን