ለላቲን ዳንስ የሚሆን እጅጌ

መጋቢት 9፣ ከሰዓት በኋላ

ለሚጢዬ፣

ደህና ነሽ ወይ ልጄ? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል፤ ግን ስለ ጉልበቱ ማውራት ስለሚወድ ብዙም አልተጎዳ፣ አታስቢ።

መልእክትሽን ያነበብኳት ሱቅ ውስጥ መጋረጃ ስቆርጥ ነው። «እማዬ፣ ላቲን ዳንስ ለመማር የሚሄድ ሰው ምን ይለብሳል?» ትላለች፣ ሰላምታ እንኳ የላት። መቀሱን አስቀምጬ ደግሜ አነበብኳት። ቀኝ ክንድሽን ካገኘው ቃጠሎ ወዲህ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት እንጂ ሌላ መንገድ እንደሌለሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ማን ጋበዘሽ፣ መቼ ነው፣ ከማን ጋር ነው አላልኩሽም። «አጣርቼ እነግርሻለሁ» ብቻ ብዬ መለስኩ። ይኸው አጣርቻለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት አለቃዬን ነው። «ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጎኑ የተቀደደ» አለችኝ። የት አየሽ ስላት «ቴሌቪዥን ላይ» አለች። አባትሽ ደግሞ «ምቹ ሱሪ» አለ። ለሰርግም ብትጠይቂው መልሱ ይኸው ነው። ሁለቱም አንጀቴን አላራሱትም። ከዚያ ከፋርማሲው በላይ ያለው የዳንስ ቤት ትዝ አለኝ፤ አምና ለመጋረጃ መስኮቶቹን የለካሁት እኔ ነኝ። ከሥራ ስወጣ ደረጃውን ወጣሁ።

ገብቼ ሳይ ሰው ሁሉ እንደመጣ ነው የሚደንሰው። አንዷ የጥርስ ሐኪም ነች፣ ከነሥራ ሱሪዋ። አንድ ጠና ያሉ ባለታክሲ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ከተው፣ ጫማቸውን ወልውለው መጥተዋል፤ ከሁሉም እሳቸው አማሩኝ። ሁለት እህትማማቾች ሰፋ ያለ ቀሚስ ከስሩ አጭር ሱሪ አድርገውበታል፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ሲዞሩ ነው። ቀይ የሚያብለጨልጭ የለበሰ አንድም የለም። ለአለቃዬ ስነግራት ከፋት።

አሰልጣኟ ቀጭን ልጅ ነች፣ ድምጿ ግን ለሰፈር ይሰማል። «ለመመዝገብ ነው እትዬ?» አለችኝ። «አይ፣ ልብስ ለማየት ነው» አልኳት። ሳቀች እንጂ አላባረረችኝም። ስለ ጫማ ጠየቅኳት። ታኮ ለጀማሪ ግድ አይደለም አለች፤ የስፖርት ጫማ ግን ጎማው ወለሉን ስለሚይዝ ሰውነት ሲዞር እግር ወደኋላ ይቀርና ጉልበት ይጠመዘዛል። ቤት ገብቼ ይህን ስነግረው አባትሽ ጉልበቱን ያዘ። ስለዚህ ሶሉ ለስላሳ፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አድርጊ። ነጠላ ጫማ ይወልቃል። ረጅም ጉትቻ ቤት ይቅር። ዳንስ ቤቱ ውስጥ ይሞቃል፣ ጥጥ ልብስ ይሻላል።

እስከዚህ ቀላል ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ዳንሱ የሁለት ሰው ነው፣ አንዱ ሌላውን ይይዛል። የት ላይ ነው የሚይዘው? ከወንበር ሆኜ ባይ ባይ አልለይ አለኝ። አሰልጣኟን «ወንዱ የሴቷን ቀኝ ክንድ ይነካል?» ብዬ ጠየቅኳት። ፊቴን አየችና ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ «ይምጡ፣ ይታይዎት» ብላ ባለታክሲውን ጠራቻቸው።

ከነሹራቤ ቆምኩ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ። «የምትማረው ልጄ ናት» አልኳቸው።

«እሷ እስክትመጣ እርስዎ ይቁሙላታ» አሉኝ።

በግራ እጃቸው ቀኝ እጄን ያዙ። መዳፌን ብቻ ነው፣ እሱንም ሳይጨብጡ። ሌላው እጃቸው ከጀርባዬ፣ ከትከሻዬ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ቀኝ ክንዴን የነካው ነገር የለም። ያንቺ መዳፍ ደግሞ ደህና ነው። ደስ ብሎኝ ልቀመጥ ስል አዞሩኝ። ሲያዞሩኝ እጄ ወደ ላይ ተነሳ፣ የሹራቤ እጅጌ እስከ ክርኔ ተንሸራቶ ወረደ። እዚያው ቀጥ አልኩ።

«አመመዎት?»

«አይ፣ እስቲ እንደገና ያዙሩኝ» አልኩ። አዞሩኝ፤ ወረደ።

በሚቀጥለው ጊዜ ላስቲክ ያለው እጅጌ ሰፍቼ ሄድኩ። ላስቲክ ይይዛል፣ ግን ያሳክካል፤ ላንቺ ቆዳ አይሆንም። ጠባብ እጅጌ ሞከርኩ፤ ክርኔን አላጥፍ አለኝ። በመጨረሻ ክንዱ ላይ ሰፋ ያለ፣ እጅ አንጓው ላይ በሁለት ቁልፍ የሚዘጋ አደረግኩ። ብብቱ ስርም ትርፍ ጨርቅ ጨመርኩበት፣ እጅ ሲነሳ ቀሚሱን አብሮ እንዳይስበው። ባለታክሲው ደጋግመው አዞሩኝ፣ ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ ጫማዬን ስፈልግ አባትሽ አየኝ። «ልጅቷ የጠየቀችሽ ስለ ልብስ ነው። መልሱን አግኝተሻል። አሁን ደግሞ ወዴት ነው?»

«ሲታጠብ ይጠብ እንደሆነ ላይ ነው።»

«ይህን ለማየት ዳንስ ቤት ይኬዳል?»

ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ትናንት ግን እሱም ተከትሎኝ መጣ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በጣቱ ጉልበቱን መታ መታ ሲያደርግ ነበር፣ የሚያመውን ጉልበት።

ቀሚስሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ጥቅል ይደርስሻል። ጥጥ ነው፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከጉልበት ዝቅ የሚል። የጥርስ ሐኪሟ ቁመናዋ ካንቺ ጋር እኩል ስለሆነ ትናንት እሷን አልብሼ ሞከርኩት። መሀል ላይ ሲሞቃት ቁልፎቹን ፈትታ እጅጌውን እስከ ክርኗ ጠቀለለችው። እንደዚያው ሆና ከባለታክሲው ጋር ስትደንስ አመሸች። ሲጨርሱ ወደ እሳቸው ጠጋ ብዬ «ክንዷ ላይ ሰዓት ነበር፣ አልነበረም?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «እኔ እግሬን ነው የማየው እህቴ፣ እንዳልሳሳት» አሉኝ።

ሌሎቹንም ጠየቅኩ። አንድም ያየ የለም።

ስለዚህ ቤት ስገባ የቁልፉን ቀዳዳ ሰፋ አደረግኩት፤ ሳታይው፣ በአንድ እጅ ይፈታል። ተዘግቶም ያምራል። እኔ የምነግርሽ አሰራሩን ብቻ ነው።

ማን እንደጋበዘሽ አሁንም አልጠየቅኩም። አባትሽ ግን ቁመቱ ስንት ነው ይላል፣ ለምን እንደሆነ እንጃለት።

እግርሽ ለስላሳ ወለል ይግጠመው። የሚይዝሽ እጅ ሁሉ ደግ እጅ ይሁን። ደክሞሽ ስትመለሺ ጥሩ እንቅልፍ ይስጥሽ።

እናትሽ