የላክሽው ቅቤና አልጎብጥ ያለው ውሃ

ነጋ ጅርታ፣ እማዬ? ጊምቢ እንዴት ከረመች? ጉልበትሽስ ዳገቱን ስትወጪ እንደ ድሮው ያስቸግርሻል ወይስ ተሻለሽ? የአባዬ ሳል ለቀቀው? ያቺ ግራጫ ላምሽስ ጥጃዋ አደገላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላቲኑን ቁቤ አልለመድኩትም ስላልሽ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርሽው ፊደል ጽፌልሻለሁ። ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለወንድሜ ለአዱኛ እንዳትሰጪው። እሱ እየሳቀ መጨረሻውን ቀድሞ ይነግርሻል።

የላክሽው ለጋ ቅቤ ደርሶኛል። ፈተናሽ እንዲቃና ራስሽን ተቀቢው ያልሽውን ለአከራዬ ለአዴ ጉዩ ነገርኳት። እኔ ትንሽ ለወጉ ያህል ብዬ ነበር። እሷ ግን የእናት ቃል በግማሽ አይፈጸምም ብላ፣ አስቀምጣ እስኪያንጠባጥብ ቀባችኝ፤ እንትፍ እንትፍ ብላም መረቀችኝ።

ፈተና ያልኩሽ የጽሑፍ አይደለም። እስካሁን በሙከራ ነው የተቀጠርኩት። ገምጋሚዎች ክፍል ገብተው ሳስተምር አይተው ካልወደዱት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ኬሚስትሪ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እኔ ከአምቦ እነሣለሁ። ለዚህ ነበር ሰሞኑን እህል አልበላ ያለኝ።

የግምገማው ዕለት ትምህርት የሞለኪውሎች ፖላርነት ነበር። ስሙ አያስፈራሽ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ውሃ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ስስታም ስለሆነ የጋራቸውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ስለዚህ በእሱ በኩል ኔጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ፖዘቲቭ ይሆናል። የዚህ ጉተታ ልክ ዳይፖል ሞመንት ይባላል። የአምቦ ውሃ ጋዝ ደግሞ፣ ያ አፍንጫሽን የሚኮረኩርሽ፣ ካርቦንን መሃል አድርገው ሁለት ኦክስጅኖች ግራና ቀኝ የሚጎትቱት ነው። ጉልበታቸው እኩል የሆኑ ሰዎች ሲጓተቱ ገመዱ ንቅንቅ አይልም፤ የእሱም ድምር ዜሮ ነው። ውሃ ግን ቅርጹ ጎባጣ ነውና ጉተታው አይጣፋም።

ይህን ለማሳየት ጀሪካን በሚስማር በስቼ ቀጭን ውሃ አወረድኩ። የፕላስቲክ ማበጠሪያ ደረቅ ፀጉር ሲያበጥሩበት ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ አጠገቡ ሲያደርጉት ውሃው ወደ እሱ ይጎብጣል። ተማሪ እያለሁ ስንቴ ሠርቼዋለሁ። በልበ ሙሉነት ፀጉሬን አበጠርኩና አስጠጋሁት። ውሃው እቴ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። ደግሜ አበጠርኩ፤ ወይ ፍንክች። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ኦቦ ቀንዓ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። ላብ አጠመቀኝ። ከላቡ ጋር ቅቤሽ በግንባሬ ሲወርድ ነው የነቃሁት። ደረቅ ፀጉር እያልኩ የማስተምረው እኔ፣ ራሴን ቅቤ ነክሬ መጥቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያች ደቂቃ በልቤ ተቀይሜሻለሁ።

ከፊት የምትቀመጠው ለንሳ እጇን አውጥታ ቲቸር ቅቤ ተቀብተዋል እኮ አለች። ክፍሉ አውካካ። ምን ላድርግ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሳቁ ልቤን መለሰልኝ መሰለኝ ማበጠሪያውን ከውሃው ሥር ያዝኩት። ውሃው ቅቤው ላይ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ተንከባሎ ሸሸ። ለምን ይሸሻል ብዬ ጠየቅኳቸው። ቅቤ ውስጥ ያሉት ረጃጅም የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለቶች ጉተታቸው እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ ፖላር አይደሉም፣ ውሃ ደግሞ የሚወዳጀው ከመሰሉ ጋር ነው። ሌንጮ የሚባል ቀልደኛ ተማሪ እንግዲያው ግም ለግም አብረህ አዝግም ነዋ አለ። ከመጽሐፉ ይልቅ የእሱ አባባል ሳይያዝላቸው አልቀረም።

ከዚያ የለንሳን ማበጠሪያ ተቀብዬ ደረቅ ፀጉሯን አበጠርኩበትና አስጠጋሁት። ውሃው እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ አለ። ኦቦ ቀንዓ እኔም ካልሞከርኩ ብለው ተነሡ። ፀጉር የላቸውምና በሱፍ ሹራባቸው ፈተጉት፤ ለእሳቸውም ጎነበሰላቸው።

ትናንት ተጠርቼ ውጤቱን ሰማሁ። አምቦ እቀራለሁ እማዬ፣ ኬሚስትሪዬም የእኔው ነው! ኦቦ ቀንዓ ለማነጻጸሪያ ብዬ ሆን ብዬ የተቀባሁ መስሏቸው፣ ዝግጅትሽ የሚደነቅ ነው፣ ቅቤውን ማን አሰበልሽ አሉኝ። እናቴ ናት አልኳቸው። እናትሽም መምህር ናቸው እንዴ ሲሉኝ፣ አዎ አልኳቸው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። አዱኛን ለፈተናው እንዲያጠና ንገሪው፤ ለላሚቱም ውለታዋ አለብኝና እርጥብ ሣር ጣል አድርጊላት። አዴ ጉዩ ሰላም ብላሻለች፤ ቅቤው አልቋል ብላሻለችም። ደግመሽ ስትልኪ ግን ላዩ ላይ "ለወጥ" ብለሽ ጻፊበት።

ልጅሽ ጊፍቲ ኤጄታ
አምቦ፣ ጥር 23 ቀን 1992 ዓ.ም.