ወጥ ወጥ የሸተተው ነፍጥ

ይድረስ አሰብ ወደብ ላይ ለምትገኘው ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሀምዱ። አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ሰውነትህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ያ ሰው የሚያቀልጥ የባሕር ሐሩር እንዴት ይዞሃል? ባለፈው ሾፌሩ በሺር ከካሚዮኑ ወርዶ "ሀምዱ ደህና ነው፤ ብቻ ጨው ሲጭን ሲያወርድ እጁ ተሰነጣጥቋል" ቢለን፣ እማ ያን ቀን እህል አልወርድ አላት። እጅህ ዳነልህ ወይ? የምትቀባው ነገር ታገኛለህ? ንዳዱስ አልነካህም? ጾሙን በዚያ ውሃ ጥም እንዴት ትችለዋለህ እያልን ዘወትር እናነሳሃለን። አላህ ያግራልህ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን። እማ ወገቧን ትንሽ ያማታል እንጂ ምርኩዟን ይዛ ደጅ ለደጅ ትላለች፤ ከሶላት በኋላ ስምህን ሳትጠራ እጇን አትሰበስብም። ቡሬዋ ላም ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው። ዝናቡ ዘንድሮ አልከፋም፣ ቦርከና ሞልቶ የታችኛውን አጥር ወስዶብን ነበር፣ መልሰን አጥረነዋል። እኔም እዚሁ ኮምቦልቻ ከመንገድ ሥራው ጋራዥ አልወጣሁም።

ጋሼ፣ እስከዚህ ድረስ ብዕሬ ደህና ሄደ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ጀምሬ እየቀደድኩ፣ ጀምሬ እየቀደድኩ ነው የጻፍኩት። እህታችን መርየም "ነፍጡ ደህና ነው ብለህ ጻፍለት፤ በሰው አገር ያለ ሰው ሆዱ አይባባ" ብላኝ ነበር። ነፍጡ ደህና አልነበረም። ያበላሸሁትም እኔው ወንድምህ ሰይድ ነኝ። ወላሂ፣ ይህን ስጽፍ ፊትህ የቆምኩ ይመስል አንገቴን ቀና ማድረግ አቅቶኛል።

የአባባን ነፍጥ ሐርቡ ደጃችን ላይ ስትሰጠኝ ያልከኝን አልረሳሁም፤ ብረሳው በተሻለኝ። ጣሊያን የሰዉን መሣሪያ ሲለቅም ሰብሳቢው የእኛን አይቶ፣ "ባሩዱን በአፉ የሚጎርስ፣ በባልጩት የሚለኮስ ምን ነፍጥ ይባላል፤ ዱላ ነው" ብሎ ስቆ የመለሰልን ሰሞን ነው። እኛም ከእሱ ጋር ሳቅን። አንተ ግን አልሳቅክም። "ሰው ባይጥልም ዝንጀሮ ያባርራል፤ የመርየም ማሽላ የሚጠበቀው በዚህ ነው" አልክ። መርየም ባሏ ከሞተባት ወዲህ ልጇን ረሂማንም፣ እማንም፣ ራሷንም ዓመቱን የምታበላው ከዚያች ከወንዙ ዳር ካለች ማሳ እንደሆነ ለአንተ መንገር አያሻኝም።

ከዚያ አጠገብህ አስቀመጥከኝና አሳየኸኝ። ከነፍጡ ኋላ፣ ባሩዱ ከሚነድበት ጫፍ፣ እየተጠመዘዘ የሚገባውን ባለጥርስ ውታፍ ፈታህና መዳፌ ላይ አስቀመጥክልኝ። የተኮስክ ዕለት ሳታሳድር በፈላ ውሃ እጠበው፣ የባሩድ ጥላሸት ካደረ ብረት ይበላል አልከኝ። ውታፉን ፈትተህ ጥርሱን አድርቅ፣ ጨው ያልነካው ሞራ ከሰም ጋር አቅልጠህ ቀባው፣ ስትመልሰው በጣትህ አጥብቀህ መጨረሻውን ብቻ በአባባ መፍቻ ነካ አድርገው፣ ክረምት ሳይገባም አንዴ ፍታና ቅባው አልክ። "ምናልባት ከተጣበቀብህ ደግሞ አስቀድመህ በአፉ ውሃ አጠጥተህ ባሩዱን ግደል፤ ጎርሶ ሳለ እሳት እንዳታሳየው" ብለህ ጆሮዬን ቆንጠጥ አደረግከኝ። እኔ "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ" እያልኩ ልቤ በመንገዱ ከሚያልፉት ካሚዮኖች ጋር ይሄድ ነበር። መርየም እዚያው ደጅ ላይ በሰፌድ እህል ታነፍስ ነበር፤ እሷን ስሚ ያላት ሰው የለም።

ግንቦት ላይ ለመውሊድ ወደ ቤት ወረድኩ። ጋራዥ ከገባሁ ወዲህ ሰፈሩ "መካኒኩ" ይለኛል። እኔ እኮ መኪና አጣቢና ዕቃ አቀባይ ነኝ፤ ስሙ ደስ ስላለኝ ግን ዝም አልኩ። መንዙማው ሳይጀመር ጎረምሳው ሁሉ "እስቲ መካኒኩ፣ ነፍጡን አሰማን" ሲለኝ ምን አለፋህ፣ ባሩዱን እየጎሰጎስኩ ደጋግሜ አጮህኩት። ጎረቤታችን ከሪማ እልል ስትልልኝማ ደጃዝማች የተባልኩ መሰለኝ።

ማጽዳቱ ሲመጣ ግን ውሃ እስኪፈላ ማን ይጠብቅ! በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት። የመውሊዱ በሬ ሞራ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየሁት እሱን ማቅለጥ ሰነፍኩ። ጓዳ ገብቼ መርየም ለድግሱ ጨውና ቅመም አግብታ ያነጠረችውን ቅቤ ከቅሉ በጣቴ ዝቄ የውታፉን ጥርስ ቀባሁበት። ቅባት ሁሉ አንድ መስሎኝ! ጨው ብረትን ምን እንደሚያደርገው ጨው ውስጥ የምትውለው አንተ ታውቀዋለህ። ይህም አልበቃኝ፤ የአባባን መፍቻ "ይቺ ደግሞ ምን ትባላለች" ብዬ ወረወርኩና ከጋራዥ በተዋስኩት ክንድ በሚያህል መፍቻ ብረቱ ሲጥ እስኪል አጠበቅሁት። የአባባ መፍቻ አጭር የሆነችው ሰው ጉልበቱን እንዳያበዛባት መሆኑ አሁን ነው የገባኝ። ከዚያ ነፍጡን ሰቅዬ ኮምቦልቻ ተመለስኩ፤ ክረምቱን ሙሉ ዞር ብዬም አላየሁት።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ረመዳን እንደገባ፣ ዝንጀሮው ከገደሉ ወረደ። መርየም ሰው ልካብኝ መጣሁ። ከማማው ሥር ቆሜ ባሩዱን አጎረስኩ፣ በዘንጉ ጠቀጠቅሁ፣ ምላጩን ሳብኩ። ባልጩቱ ብልጭ አለ፤ ከጎን ያለችው ማቀጣጠያ ባሩድ ቡፍ ብላ ቅንድቤን ለበለበችኝ፤ ቀዳዳው በጥላሸትና በዝገት ተደፍኖ ኖሮ ውስጥ ያለው ግን ዝም። ደገምኩት። ዝም። አንዱ አውራ ዝንጀሮ፣ ወላሂ አልዋሽህም፣ አገዳ ሰብሮ ይዞ ቁጭ ብሎ እያላመጠ ያየኝ ነበር። ውታፉን ልፍታው ብል ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሆነ ነገሩ። ጠመዘዝኩ፣ ደበደብኩ፣ የአባባን መፍቻ አጎበጥኳት፤ ውታፉ ወይ ፍንክች።

ከዚያ ወዲያ መርየም ጾሟን ይዛ ከንጋት እስከ መግሪብ ማማ ላይ ዋለች። በወንጭፍ ትወረውራለች፣ ቆርቆሮ ትደበድባለች፣ ትጮኻለች። እስቲ አስበው ጋሼ፣ ውሃ ሳይነካው የሚጮህ ጉሮሮ። ለማፍጠር ስትገባ ድምፅዋ ስለተዘጋ ውሃውን በእጇ ነበር የምታመለክተው። እንደዚያም ሆና አንድ ቀን ክፉ አልተናገረችኝም፤ ሾርባውን ቀድታ አስቀድማ የምትሰጠው ለእኔ ነበር።  በወንዙ በኩል ያለው የማሳው እኩሌታ ግን ራስ ራሱ ተበልቶ አገዳ ብቻ ቀረ።

ደሴ፣ ሸዋ በር አጠገብ፣ ዘይኑልአቢዲን የሚባል ቀጥቃጭ አለ ሲሉኝ ነፍጡን በጆንያ ጠቅልዬ ተነሳሁ። መርየም ማማውን ለከሪማ አደራ ብላ እኔም እሄዳለሁ አለች። አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ልታደርጊ ነው ብላት፣ "ማሽላው የኔ ነው" ብላ ነጠላዋን ተከናነበች። ቀጥቃጩ ጆንያውን ፈትቶ ነፍጡን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ደግሞ አሸተተው። "ይሄ ነገር ወጥ ወጥ ይሸታል፤ ነፍጥ ነው ወይስ ድስት?" አለ። ማረሻ ሊያስመታ የመጣው ገበሬ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ "ጾም ባይሆን እንጀራ አምጡ እል ነበር" አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሳቁ በረድ ሲል ሰውዬው "ጎርሷል?" ብሎ ጠየቀኝ። ጋሼ፣ አጉርሼው አልተኮስ አለኝ ብል ዳግመኛ መሳቂያ መሆኔ ታየኝ። "ባዶ ነው" አልኩ። በጾም አፌ ዋሸሁ። ሰውዬውም አምኖኝ ወናፉን አስነፋና የነፍጡን ኋላ ወደ ፍሙ ዘረጋ፤ ብረቱ ሲግል ውታፉ ይላቀቃል ብሎ ነው። መርየም "ጎርሷል! ከእሳት አርቀው!" ብላ ጮኸች። ያ የተዘጋ ድምፅ ከየት እንደወጣላት አላህ ይወቅ። ቀጥቃጩ ነፍጡን ወደኋላ ወረወረው፤ ሰዉ ግንፍል ብሎ ተበተነ። አፈሙዙ ወዴት ዞሮ ነበር መሰለህ? ማረሻቸውን አቅፈው ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ደረት ፊት ለፊት ነበር።

ሽማግሌው ማረሻቸውን አነሱና ሄዱ። ቀጥቃጩም ወደ እኔ ዞሮ፣ "ልጄ፣ የሰው ሳቅ ይገድላል እንዴ? የሚገድለውስ ባሩድ ነው" አለኝ።  ብትቆጣኝ፣ ብትረግመኝ፣ ከዚያ ቃል የሚብስ አታገኝም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ፤ የእኔ መከራ ግን በሌላ ሰው ደረት ላይ ሊወርድ ነበር።

ያን ጊዜ መርየም እዚያ ሁሉ ወንድ መካከል "ወንድሜ ሀምዱ እንዲህ ብሎ ነበር" ብላ አንተ ያልከኝን ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳትጥል፣ በሰለለ ድምፅ አወረደችው። ውሃው፣ ሞራው፣ ሰሙ፣ ጣቱ፣ አጭሩ መፍቻ፣ ሁሉም። ቀጥቃጩም እንዳለችው በአፉ ውሃ ሞላና ባሩዱን ጭቃ አደረገው፤ ከዚያ ውታፉን ላምባ አጠጥቶ አሳደረው። በማግሥቱ ቀስ እያለ ሲጠመዝዘው እህህ እያለ ወጣ። ጥርሱ በዝገት ተበልቶ ድዱ የቀረ ሽማግሌ መስሏል። ጠርጎ፣ አስተካክሎ፣ መፍቻዋንም አቅንቶ መለሰልን፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ይህ ነፍጥ ሙሉ ጉርሻ አይችልም፣ ከግማሽ በላይ ባሩድ እንዳታጎርሱት ብሎ አስጠንቅቆናል። አባባ ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን እኔ በአንድ ክረምት እንዲህ አደረግሁት።

ስንመለስ ካሚዮኑ ላይ ያን ሁሉ እንዴት አወቅሽው ብላት፣ "እጄ ሰፌድ ይዞ ነበር እንጂ ጆሮዬን ማን ያዘው?" አለችኝ። ታዲያ ቅቤውን ስቀባው ለምን ዝም አልሽ አልኳት። "ቅቤው መጉደሉንማ አይቻለሁ፤ የበላኸው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከስተህ ነበር የመጣኸው" አለች። ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። አለቀስኩ ጋሼ፣ ምን ልደብቅህ።

ሐርቡ እንደደረስን ነፍጡን ያጎረሰችው እሷ ናት፤ በግማሽ ጉርሻ። ከማማው ላይ ስታጮኸው ያ አውራ ዝንጀሮ ሴቱን ልጁን ጥሎ ገደል ለገደል ሲሸሽ ብታይ! ከዚያ እንኳን ሊያድር፣ ለማፍጠር ሳትቀመጥ አጠበችው። እኔ ውሃ አፈላሁላት። ሞራውን አቅልጣ ሰሙን ጨመረችበት፣ ጥርሱን ቀባች፣ በጣቷ አጥብቃ በአባባ መፍቻ ነካ አደረገችው። የቀረው ማሽላ ካሁን ወዲያ ይተርፋል፣ ኢንሻአላህ፤ የተበላውን ደግሞ እኔ ከኮምቦልቻ እህል እየላክሁ እሞላለሁ፣ ይህን ለእማም ነግሬያታለሁ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ አፉ በለኝ። ሌላም የምለምንህ አለኝ። ነፍጡን ለመርየም አስረክቤያለሁ፤ አንዳንዱ ግን "ነፍጥ ከሴት እጅ?" እያለ አፉን ከፍቷል። አንተ በጻፍከው ቃል "አደራው የመርየም ነው" ካልክ የሚናገራት የለም። ለእኔ አዝነህ ዝም ብለህ አትለፈው። ሰፈሩ "መካኒኩ" ሲለኝም ከእንግዲህ መኪና አጣቢ ነኝ ብዬ እመልሳለሁ።

እማ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ዱአዋ ከአንተ አልተለየም፣ እጅህን ሞራ ተቀባ ብላለች፤ ያለ ጨው። ረሂማ ጥርሷ ወልቋል፣ አጎቴ ከባሕር ዛጎል ያምጣልኝ ትላለች። ከሪማና ቤተሰቧ ሰላም ብለውሃል። ይህን ወረቀት የያዘው በሺር ነው፣ ምላሽህን ለእሱ ስጠው። መርየም ድምፅዋ እስካሁን አልተመለሰም። ስሄድ እስከ አጥሩ ሸኝታኝ፣ በሹክሹክታ፣ "ነፍጡ ደህና ነው በለው" አለችኝ። አሁን እጽፈዋለሁ። ነፍጡ ደህና ነው ጋሼ፤ እሷ ጋ ነው።

ታናሽ ወንድምህ ሰይድ
ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 8 ቀን 1931 ዓ.ም.