ዜማ የሚበላው መሣሪያ

ጥቅምት 5
ቀኑን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ፎቶ ኮፒ። ደባርቅ ውስጥ ዛሬ መታወቂያውን ኮፒ ያላስደረገ ሰው አለ? ቤት ስገባ አባዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። “ምሳ በሉ?” አልኳቸው። “ደመና ነው፣ አይዘንብም” አሉኝ። ሳቅሁ... ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። የጆሮ መስሚያ መሣሪያቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከትተውታል።

ጥቅምት 7
አባዬ ለያርጋል ሲነግሩት ሰማሁ። ከዜማ ተማሪዎቻቸው ትልቁ እሱ ነው። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ የሚያስተምሩበትን ጉባኤ ሊያጥፉት ነው! “የማልሰማውን አላርምም። ስሕተት ይዛችሁ ከምትቀሩ ዳባት ካሉት መምህር ዘንድ ሂዱ” አሉት። ያርጋል መሬት መሬት ያያል።
ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ... ጉባኤው ከታጠፈ ምን ይቀራቸዋል?
መሣሪያውን ለምን እንደማያደርጉት ጠየቅኋቸው። ጨዋታ ያሰማኛል፣ ዜማ ግን ይበላል አሉ። ዜማ ይበላል? ምን ማለት ነው?

ጥቅምት 10
ስጦታ ለምትባለው የጎንደር የጆሮ ባለሙያ ደወልኩላት። መሣሪያውን የሰጠቻቸው እሷ ናት። አባዬ ያን መንገድ ሁለተኛ አልሄድም ብለዋል፣ መኪና ያማቸዋል። አትምጡ አለችኝ። ማስተካከያ ሣጥን በመኪና ልትልክልኝ ነው። ሣጥኗን በዩኤስቢ ላፕቶፔ ላይ እሰካለሁ፣ መሣሪያው ደግሞ በቀጭን ሽቦ ሣጥኗ ላይ ይያያዛል። ከዚያ የእሷ ኮምፒውተር በኢንተርኔት ሣጥኗን እንደ ራሱ አድርጎ ያያታል። አልገባኝም ስላት፣ “ገመዱ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ረዘመ በይ” አለች።

ጥቅምት 14
ሣጥኗ መጣች። የእጅ መዳፍ የምታህል። ለአባዬ ለማስረዳት ያየሁት አበሳ... “ጎንደር ተቀምጣ ጆሮዬን ልትነካ?” አሉ። የስጦታ ድምፅ ከላፕቶፑ ሲወጣ ነጠላቸውን አስተካክለው ለሰላምታ ብድግ! ሽቦው ጆሯቸው ላይ ነው፣ ሣጥኗን ይዘዋት ሊነሡ። በእጄ ቀለብኳት።
ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ አስቸገረን። ስጦታ አናገረቻቸው፣ ሁሉንም ሰሙ። እኔ ጋ ምንም ጥፋት አይታየኝም አለች። አባዬ ሽቦውን ነቅለው መሣሪያውን ኪሳቸው ከተቱት። “አላልኩሽም?” ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 17
ስጦታ ራሷ ደወለች። ወሬ ሳይሆን ዜማ ይሰማ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ መሣሪያው ምን እንደሚያደርግ ልይ አለች። ተማሪዎቹ ክርስትና ተጠርተው ሄደዋል። “አንቺስ አትችይም?” አለችኝ።
እችላለሁ። በልጅነቴ ከጓዳ ሆኜ ስሰማ ነው ያደግኩት። ግን በአባዬ ፊት? አንድም ቀን አፌን ከፍቼ አላውቅም። ምን አማራጭ ነበረኝ... ጀመርኩ። አንዱን ድምፅ ሳስረዝም፣ ስጦታ “አገኘሁት” አለች።
ለካ መሣሪያው አንዳንዴ በራሱ ያፏጫል። ያንን ፉጨት የሚያፍን ነገር ውስጡ አለ። ዜማው ሲረዝም የራሱ ፉጨት ይመስለውና ያፍነዋል። የመሪጌታ ዜማ ፉጨት! አባዬ እውነታቸውን ነው፣ ይበላል። እዚያው ጎንደር ሆና ማፈኛውን ዘጋችውና ድገሚው አለችኝ።
ደገምኩ። አባዬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መሐል ላይ እጃቸውን አነሡ።
“እዚህ ጋ ቸኮልሽ። መልሺው።”
ስጦታ ከዚያ ማዶ “ይሰማቸዋል?” ትላለች። ማን ይመልስላት፣ እኔ ዜማውን እየመለስኩ ነው።

ጥቅምት 19
አባዬ መሣሪያውን ለመኝታም አላወልቅም አሉ። ተጣላን።

ኅዳር 13
ሚካኤል ትናንት አለፈ። ዳባት የሄደ የለም። ያርጋል አንዱን የዜማ ቀለም ጠዋት ደጋግሞ ታረመ። እንደ ዛሬ ደስ ብሎት አያውቅም መሰለኝ።
ማታ እራት ላይ አባዬ እንደ ዋዛ፣ “ያን ቀን ያልሽውን ዜማ ከማን ተማርሽው?” አሉኝ።
“ከእርስዎ ነው፣ በግድግዳው በኩል” አልኳቸው።
ጉርሻቸውን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩ። ስንት ዓመት በግድግዳ ሲያስተምሩኝ እንደኖሩ እያሰቡ ይሆን?
“እንግዲህ ከግድግዳው ወዲህ ነይ” አሉኝ። “ጠዋት፣ ከተማሪዎቹ ጋር።”
ነገ ሱቁን አርፍጄ ነው የምከፍተው።