ገጽ አርባ አንድ

ነቀምቴ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወዳጄ፣

ከሁሉ በፊት ይህን ተረዳልኝ፦ የመጽሐፍ ሱቄን አልዘጋም፤ የማንንም ስም ለማንም አልሰጥም። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ይህን ይዘህ አንብበው።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። አካም ጂርታ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀህ? አኖ ላይ ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ ሲሉ ሰማሁ፤ ማንጎህን አረገፈብህ ወይስ ተረፈልህ? እኔ ደህና ነኝ። መነጽሬ ብቻ እንደገና አንሶኛል። ጡረታ ወጥተህ ወደ አኖ ከሄድክ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ሳትሰናበተኝ መሄድህን አልረሳሁም፤ ግን የዛሬው ጉዳዬ እሱ አይደለም።

ጉዳዩን የጀመረችው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ሜቲ ናት። ሥራ ሲቀዘቅዝባት ከእኔ ልብ ወለድ ተውሳ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደግፋ ታነባለች። ባለፈው ወር አንዱን መጽሐፍ እያወዛወዘች መጣች። "ባርሲስቱ፣ ይቺ ልጅ ገና የበሩን እጀታ እንደያዘች ነበር፤ ገለጥ ሳደርገው ሆስፒታል ተኝታ ታለቅሳለች! ከበሩ ጀርባ ማን ነበር? አንቺ ነሽ ቆርጠሽ የበላሽው?" አለችኝ። መቼም ከተማው 'አስተማሪዋ' እያለ በኦሮምኛ ይጠራኛል እንጂ ስሜን ከረሳው ቆይቷል።

መጽሐፉን ተቀብዬ ገጾቹን ቆጠርኩ። ከአርባ ቀጥሎ አርባ ሦስት ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ መንገር አያስፈልግም፤ ግን በቅደም ተከተል ካልጻፍኩ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። የምናስተምርበትን ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሁለታችን በተረከብንበት ዓመት "ማህተሙን ፊት ለፊት መምታት ሌባውን የት እንደሚቀድ ማስተማር ነው" ብለህ ምስጢር ገጽ ይኑረን አልክ። ያን ዓመት የክፍልህ ተማሪዎች አርባ አንድ ነበሩና ማህተሙን አርባ አንደኛው ገጽ ላይ አደረግነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ያወቀው ሰው የለም።

በዚያው ቀን መደርደሪያዬን በሙሉ ፈተሽኩ። አርባ አንድና አርባ ሁለት ያሉበት ያ ቅጠል የጎደላቸው፣ አብረዋቸው መጥተው ከሸጥኳቸው ሁለት ጋር፣ ስልሳ አራት መጻሕፍት ሆኑ። ስልሳ አራቱም ካለፈው ጥቅምት ወዲህ በሦስት ካርቶን፣ በአኖ ሚኒባስ፣ የላኪ ስም ሳይኖራቸው የመጡልኝ ናቸው። አንድ የድሮ ተማሪ አስታውሶኝ መስሎኝ ነበር። መጽሐፍ ሲገባልኝ ገጽ እቆጥራለሁ፤ ስጦታ መቁጠር ግን ነውር መሰለኝና ተውኩት። ይህ ጥፋቴ ነው፤ አምኜዋለሁ።

ቀጥዬ አቆራረጡን አየሁ። ሌባ ቢሆን ቦጭቆ ይሄድ ነበር። ይህ ግን ማስመሪያ ተይዞለት በምላጭ የተቆረጠ ነው፤ ከስፌቱ በኩል የግማሽ ጣት ጠርዝ ተትቶለታል። ጠርዝ ካልተተወ አብሮት የተሰፋው ቅጠል እንደሚረግፍ የሚያውቀው መጽሐፍ የጠረዘ ሰው ብቻ ነው። ደግሞም ተራ ሌባ ማህተሙ የት እንዳለ ስለማያውቅ አርባ አንድን ሳይነካው ያልፍ ነበር። ያ ሰው ገጹን ባይነካው ኖሮ ማን እንደሆነ በምንም አላውቅም ነበር። እኔ እንዳልጠረጠር ብሎ የወሰደው ጥንቃቄ እሱን ራሱን አሳየኝ።

የሚኒባሱን ረዳት ቢራቱን አስቁሜ ካርቶኖቹን ማን እንደሰጠው ሳይሆን እንዴት እንደሰጡት ጠየቅኩት። ሳቁ መጣበት። "አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ባርሲስቱ። ጣሪያ ላይ ልጫነው ስል በከዘራ ሊሉኝ ደረሱ! 'ይረጥባል፣ ወንበር ስጠው' አሉኝ። ሰው ቆሞ ካርቶን ተቀምጦ ነቀምቴ ገባን። አንዷ እናት ካርቶኑን 'ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ' ብለው ሚኒባሱን በሳቅ ገደሉት።" ስማቸውን ልንገርሽ ወይ ሲለኝ፣ አልጠየቅኩህም አልኩት።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ፈርቼ አይደለም። ያ ሰው ራሱ እስኪመጣ እየጠበቅኩት ነበር። በመካከሉ የሸጥኳቸውን ሁለቱን መጻሕፍት አስመለስኩ፤ ለአንዱ ኑኑ ቁምባ ድረስ ሄጃለሁ።

እሱ ሳይመጣ ተረፋ መጣ። ታስታውሰዋለህ፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣው። ዛሬ የትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ከትምህርት ቤቱ የጎደሉ መጻሕፍት እፈልጋለሁ ብሎ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገብቶ መጻሕፍቱን እያገላበጠ የቤተ መጻሕፍታችን ቁጥር ተለጥፎበት የነበረውን የሙጫ ምልክት አገኘ። "ቲቸር፣ ጡረታው አልበቃ አለ እንዴ?" አለኝ፤ በር ላይ በቆመው ሰው ሁሉ ፊት። ሜቲ መቀሷን እንደያዘች ወጥታ "አንተ፣ እጅ ማውጣት ያስተማረችህ ላይ ነው ጣትህን የምትቀስረው?" አለችው። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ ወይ ያመጣልሽን ሰው ስም ጥሪ፣ ወይ ሱቅሽ እንዲታሸግ እጽፋለሁ ብሎኝ ወጣ።

እስኪጽፍ አልጠበቅኩትም። በማግስቱ ስልሳ አራቱን መጻሕፍት በሁለት ባጃጅ ጭኜ፣ በዋናው በር፣ በእረፍት ሰዓት፣ ተማሪው ሁሉ እያየ ገባሁ። በአዲሱ ርዕሰ መምህር ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸውና ስለ ምስጢር ገጹ ራሴ ለርዕሰ መምህሩ ነገርኳቸው። ማን ማን ያውቀዋል አሉኝ። ሁለት ሰው፣ አንዷ እኔ ነኝ አልኩ። ተረፋ እንደ ድሮው ቸኩሎ "ሁለተኛው አኖ ያሉት ቲቸር ናቸዋ!" አለ።

"እሱ የገጽ ጥግ ያጠፈን መምህር ወር ሙሉ ሳያናግር የከረመ ሰው ነው" አልኩ። "መጽሐፍ ላይ ምላጭ ያነሳል ብሎ የሚያምን ካለ እጁን ያውጣ።" ማንም አላወጣም፤ ተረፋ እንኳን። ይህን ማለቴን ዛሬም አልጸጸትበትም።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። የቀሩት የቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት የት ናቸው ብዬ ጠየቅኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ለኮምፒውተር ስለተፈለገ ስቶር ገብተዋል አሉኝ። ክፈቱልኝ አልኩ። ተረፋ ቁልፉ ጠፋ፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው ሲል ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ከኪሱ አስወጡት። ወዳጄ፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር፣ ከተሰበረ ዴስክና ከኳስ መረብ በታች ናቸው። እጄን ወደ አንዱ ሳጥን ሰድጄ ሳወጣው ምስጥና ጭቃ ይዞ መጣ። ያ ጭቃ የስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አንዱን አንስተው ሊገልጡት ሲሉ በእጃቸው ላይ ፈረሰ።

በመጨረሻ ውሳኔያቸው ይህ ሆነ፦ እስከ ግንቦት ሠላሳ ስልሳ አራቱ ቅጠሎች ከተመለሱ መጻሕፍቱ እንደተሟሉ ተቆጥረው ነገሩ ይዘጋል። ካልተመለሱ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ ሱቄም ይታሸጋል። እሺ አልኩ፤ ግን ደረቅ ክፍል በዓይኔ ሳላይ አንድም መጽሐፍ ወደዚያ ስቶር አይገባም አልኩ። ተረፋ አጉረመረመ። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። መጻሕፍቱ እስከዚያ በእኔ ዘንድ እንዲቆዩ ርዕሰ መምህሩ ፈርመውልኝ መልሼ ጭኜ ወጣሁ።

አሁን የምለምንህ መልእክት እንድታደርስልኝ ነው። አኖ ትንሽ ከተማ ናት፤ ያን ሰው ሳታገኘው አትቀርም። ስቶሩን ከእኔ ቀድሞ አይቶት፣ መጻሕፍቱን ከምስጡ ሊያተርፍ እንደነበር ገብቶኛል በለው። ስለ መውሰዱ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ስላልነገረኝ ነው። ቢነግረኝ በቀን፣ በዋናው በር፣ ሁለታችን ተሸክመን እናወጣቸው ነበር፤ የሚከለክለንም ፊታችን ይቁም ነበር። ብቻዋን የምትኖር ሴት እንደ ምጽዋት ደጃፏ ላይ የሚቀመጥላት ካርቶን አያስፈልጋትም በለው። ሱቄ በር አለው፤ ለሚያንኳኳም ይከፈታል።

ደግሞ ቅጠሎቹ እንዳልተቃጠሉ አውቃለሁ። በሁለት ጣውላ መካከል፣ በተራቸው፣ ክብደት ተጭኗቸው ተቀምጠዋል። ይህን ያወቅኩት በጠርዙ ነው። መጀመሪያ ሌላው ቅጠል እንዳይረግፍ ብቻ የተተወ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ለዚያ ግማሽ ጣት አያስፈልግም፤ ሰው ይህን ያህል ጠርዝ የሚተወው አንድ ቀን መልሶ ሊለጥፍበት ሲያስብ ነው። ሙጫውን በጥብጫለሁ፤ ክርና መርፌም አለኝ። ስልሳ አራት ቅጠል ግን ለአንድ መነጽር ይበዛል፤ ሌላ ሁለት እጅ ያስፈልገኛል።

ስለዚህ ቅጠሎቹን በቢራቱ እንዳይልካቸው ንገረው። ይዟቸው ይምጣ። ለካርቶን ወንበር የያዘ ሰው ለራሱ መያዝ አያቅተውም።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ዝናቡን ለማንጎህ ምሕረት ያድርግልህ፤ ያን ሳልም ይንቀልልህ። ሜቲ በየጠዋቱ ከበሩ ጀርባ ማን እንደነበር ትጠይቀኛለች። መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ ግን እስካሁን አልነገርኳትም፣ ቅጠሉ ሲመለስ ራሷ ታንብበው ብዬ።

ግንቦት ሠላሳ ሩቅ አይደለም። የሚመጣበትን ቀን ጽፈህ እስከ መጪው ሳምንት ቅዳሜ ለቢራቱ ስጥልኝ፤ መልስህን እየጠበቅኩ ነው።

የሃያ ሁለት ዓመት ባልደረባህ