የዘይት ቀለም ባለሙያው አቶ ይሄይስ ገላነው በውሃ ቀለም የቀቧቸው በሮች

አቶ ይሄይስ ገላነው ከአባታቸው ከአቶ ገላነው ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺሃረግ አየለ፣ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት በሂርና ከተማ፣ በጥቅምት ወር 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሂርና፣ ሁለተኛ ደረጃን በድሬዳዋ ተከታትለዋል። በሒሳብ ደካማ እንደነበሩ፣ በእጅ ጽሕፈት ግን ከክፍላቸው የሚስተካከላቸው እንዳልነበረ፣ ሁለቱም እውነት ስለሆነ እዚህ ይጻፋል።

በ1968 ዓ.ም. በድሬዳዋ ምድር ባቡር በቀለም ቀቢነት ተቀጠሩ። በዚያም የመንገደኞች ፉርጎ የውስጥ እንጨት፣ ማለትም በሩን፣ የመስኮቱን ክፈፍና የመቀመጫውን መደገፊያ በዘይት ቀለም መቀባትን ተማሩ። የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ግን የብሩሹን ፈለግ ራሱ አስተካክሎ እንደ መስተዋት ይተኛል፤ የመንገደኛ እጅም ሆነ ሳሙና አይበግረውም። አቶ ይሄይስ በዚህ ቀለም እጅግ ይኮሩ ነበር። የውሃ ቀለም የግድግዳ እንጂ የእንጨት አይደለም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ በውሃ ቀለም በር የሚቀባውን ባለሙያ ሁሉ «ኖራ ለቅላቂ» ይሉት ነበር።

የባቡሩ ሥራ ሲቀዛቀዝ፣ በ1990 ዓ.ም. በጅግጅጋ በኩል ድንበር ተሻግረው ሀርጌሳ ገቡ። ጊዜው በጦርነት የፈረሰችው ከተማ እንደገና የምትሠራበት ነበር። ከስደት የተመለሰው ሁሉ ተርፎ በቆመው ግድግዳ ላይ ጣሪያ ይጥላል፤ በርና መስኮት ግን ከየፍርስራሹ ተነቅሎ በገበያ የሚሸጠውን ይገዛል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ በር አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ምን እንደነበረ የማይታወቅ ሆኖ ይገኝ ነበር። እነዚህን በሮች አንድ ቤተሰብ ማስመሰል የአቶ ይሄይስ እንጀራ ሆነ፤ ስማቸውም በአጭር ጊዜ ታወቀ።

በ1991 ዓ.ም. በኮድቡር ሰፈር የወይዘሮ ሲራድን ቤት እንዲቀቡ ተጠሩ። ወይዘሮ ሲራድ የስደት ዘመናቸውን በጅግጅጋ በማሳለፋቸው አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ነጋዴ ናቸው። በቤታቸው ምግብ የሚያበስሉት ወይዘሪት ዓለምነሽ መኮንን ከደሴ የመጡ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አስም ያለባቸው ነበሩ። የዘይት ቀለሙ ጣሳ በተከፈተ ቁጥር ደረታቸው እየተዘጋ፣ ምድጃቸውን ይዘው ወደ ግቢው ይወጡ ነበር። አቶ ይሄይስም ስለዚሁ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ግቢው መውጣት ጀመሩ። የቤቱ ሥራ አለቀ፤ ይቅርታው ግን አላለቀም።

እንደ ወጉ ከአገር ልጆች መካከል ሽማግሌ ተላከ። ወይዘሪት ዓለምነሽ የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ በሀርጌሳ ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይነገራል። «እሳቸውን ወድጃለሁ፤ ቀለማቸውን ግን ደረቴ አልወደደውም። አግብቼ ባሌ እቤት፣ እኔ ደጅ ልንኖር ነው?»

«ታዲያ ሥራቸውን ይተዉ ነው የምትይው?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«እንጀራቸውን እንዴት ተዉ እላለሁ! የምገባበትን ቤት ብቻ ያለዚያ ሽታ ይሥሩልኝ። በሩ ተዘግቶ መተንፈስ ከቻልኩ እሺ፤ ካልቻልኩ እግዜር ይስጥልኝ።»

ወይዘሮ ሲራድ ይህን ሲሰሙ በግቢያቸው ያለውን ሰርቪስ ቤት ለመኖሪያ ፈቀዱ። የቤቱ በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን ቀለማቸው እየተላጠ ነበር። እንዲሁ ይተዉት ያሏቸው ነበሩ፤ አቶ ይሄይስ ግን ቀለሙ በተላጠ በር ሙሽራ አላስገባም አሉ። ስለዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ የናቁትን የውሃ ቀለም ገዙ።

ንቀት ግን መጥፎ አስተማሪ ሆነባቸው። አሮጌው የዘይት ቀለም እያብረቀረቀ ሳለ፣ ግድግዳ እንደሚቀቡ ቆጥረው የውሃውን ቀለም በላዩ ደረቡበት። ሲያዩት አምሮ ነበር። በማግሥቱ ወይዘሮ ሲራድ እንደ ልማዳቸው በሩን በሳሙና ጨርቅ ቢያብሱት፣ ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተሰብስቦ ከጨርቁ ጋር ወጣ። «ይሄይስ! ና እይ! ሙሽራዋ ሳትገባ በሩ ቆዳውን ገፈፈ!» ብለው ሲጣሩ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። ወይዘሪት ዓለምነሽ አልሳቁም፤ ይህም ለአቶ ይሄይስ ከሳቁ ሁሉ የከበደ ነበር።

ተስፋ የሚቆርጡ ሰው ስላልነበሩ ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመሩ። የቤቱን፣ የመስኮቱንና የቁም ሣጥኑን በሮች ከማጠፊያቸው ነቅለው በአያሃ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ወዳጃቸው ወደ አናጢው አዋሌ ግቢ ወሰዱ። የተላጠውን ፋቁ፤ ቅባቱ እስኪለቅ አጠቡ፤ የአሮጌው ቀለም ብርሃን ጠፍቶ እስኪደበዝዝ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሹ። የውሃ ቀለም የሚይዝበት ሻካራ ፊት ይፈልጋልና። ውሃ ሲነካው የሚያብጠውን ራቁት እንጨትና ጉጡን ብቻ በስሱ የዘይት መሠረት ቀለም ሸፈኑ። ሽታው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ፀሐይ ላይ አቆሟቸውና ጠዋት ጠዋት እየሄዱ በአፍንጫቸው ይመረምሯቸው ጀመር።

«ዋላል፣» አላቸው አዋሌ፣ በሶማልኛ «ወንድም» ማለቱ ነው፤ «በር ነው ወይስ ፍየል ልትገዛ ነው የምታሸተው?»

«ዝም በል፤ ሚስት ላገባበት ነው» ብለው መለሱለት።

ከዚያ በሮቹን መልሰው ሰቀሉና የውሃ ቀለሙን የሀርጌሳ ነፋስ ሳይነሣ፣ ገና በጠዋት ቀቡ። ይህ ቀለም ፈጥኖ ስለሚደርቅ ብሩሽ እንዲመላለስበት አይፈቅድም፤ ስለዚህ በእንጨቱ መስመር በረጅሙ ስበው፣ ስስ አድርገው፣ ሲደርቅ ዳግመኛ ደረቡት። በአንድ ሰሞን የባቡር ሰው የነበሩት ባለሙያ አዲስ ትምህርት ቤት ገብተው ወጡ ማለት ነው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ወይዘሪት ዓለምነሽ ገቡና በሩም መስኮቱም ተዘጋ። ወይዘሮ ሲራድ ደጃፉ ላይ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ፤ አቶ ይሄይስ ግቢውን ይዞሩ ጀመር። ከውስጥ ሳል አልተሰማም። ነገር ግን ምንም አልተሰማም። «ዓለምነሽ! አለሽ?» ብለው ወይዘሮ ሲራድ ተጣሩ፤ መልስ የለም። አቶ ይሄይስ ሮጠው በሩን ከፈቱት። ወይዘሪት ዓለምነሽ አልጋው ላይ ጋደም ብለው ከባድ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ እንደ ሕፃን ይተነፍሱ ነበር።

«እንዲህ የተኛችማ አግብታለች!» አሉ ወይዘሮ ሲራድ። «በል በሩን ዝጋው፤ ሚስትህን አትቀስቅስብን።»

ጋብቻቸው በጥር ወር 1992 ዓ.ም. በጅግጅጋ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተፈጸመ። ወይዘሮ ሲራድ በእናት ወግ ሐልዋ አስጭነው ድንበር ተሻግረው መጡ፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ታርዶ ሁሉም በደስታ በላ። ከዚህ ጋብቻ ወይዘሪት ትዝታንና አቶ አቻምየለህን አፍርተዋል።

አቶ ይሄይስ ከዚያ በኋላ በሀርጌሳ የቀቧቸው ቤቶች፣ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ጣሳ ከመክፈታቸው በፊት ቤቱ ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም ደረቱን የሚያመው ሰው እንዳለ ይጠይቁ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ካለ የውሃ ቀለም፤ ዝናብና ፀሐይ ለሚፈራረቁበት የውጭ በር ግን የዘይት ቀለም ይቀቡ ነበር። ወጣት ባለሙያዎች የትኛው እንደሚበልጥ ሲጠይቋቸው «ዘይት!» ሲሉ፣ ወይዘሮ ዓለምነሽ ከጓዳ «ሰምቻለሁ!» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም እስኪያነቡ ይስቁ ነበር። ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ነገር ግን በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀር አዋሌ ግቢ ቀይረው፣ ታጥበው ነው ወደ ቤታቸው የገቡት።

በኩላሊት ሕመም በሀርጌሳና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ሰኔ 4 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ እዚሁ ጅግጅጋ፣ በተዳሩባት ከተማ ይፈጸማል። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ወይዘሮ ሲራድም ዕድሜያቸው ሳያግዳቸው ከሀርጌሳ መጥተው ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል።

አስከሬኑን ተከትለው የመጡ ሁሉ የወይዘሮ ዓለምነሽን ልቅሶ ሰምተዋል። በወጣትነታቸው አንድ ጣሳ ቀለም ትንፋሻቸውን ይቆርጥ የነበረባቸው ሴት፣ ዛሬ ባላቸውን በሙሉ ድምፅ፣ ሳይቋረጥባቸው እያለቀሱላቸው ነው። ቤተሰቡ ከዚህ የበለጠ ምስክር ለአቶ ይሄይስ አይፈልግም።

የሰማይና የምድር ጌታ ነፍሳቸውን በብርሃን ማደሪያው ያሳርፍ፤ ለሚወዷቸውም ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። አሜን።